አትንኩት

በእኛ ቤት ሰው አይታመምም፤ ኤሌክትሪክ ይይዘዋል። አባቴን በአርባ አራት ዓመቱ ወፍጮ ቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ያዘው። ታላቅ ወንድሜን በአርባ ሦስት ዓመቱ ፓምፕ ክፍል ውስጥ ኤሌክትሪክ ያዘው። አያታችን የሞቱት ሰፈራቸው መብራት ሳይገባ ስለነበር ኤሌክትሪክን መክሰስ አልተቻለም፤ እሳቸውን መብረቅ መታቸው ይባላል። በጠራራ ፀሐይ። ደመና ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።

እኔ ግን መጠየቅ ጀመርኩ፤ በቤተሰቡ ውስጥ ስሜ የጠፋውም ለዚህ ነው።

የምንተዳደረው በሞተር ሥራ ነው። የፋብሪካ ሞተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮ፣ የአሳንሰር፤ ሲቃጠል ወደ እኛ ይመጣል። እኔ ወርክሾፑ ውስጥ ተቀምጬ ሆዱን እከፍታለሁ፣ የተቃጠለውን ሽቦ አወጣና አዲስ እጠመጥምለታለሁ። ወንዶቹ ወስደው ይተክሉታል። አዛዣችን የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። አባቴ ሲሞት እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ትንሹ ወንድሜ ገና ድክ ድክ ይል ነበር፤ ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። ሠራተኛው ደግሞ ከኋላቸው ጋሼ ቴስተር ይላቸዋል፤ በገዛ እጃቸው ሳይፈትሹ የሚያምኑት ነገር ስለሌለ። ሻዩ ሞቋል ቢሏቸው እንኳ ጣታቸውን ብርጭቆው ላይ ሳያሳርፉ አያምኑም።

ጋሼ ያስተማሩን የመጀመሪያው ሕግ ፊደል ሳንቆጥር ነው የገባን። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው አትንካ። ከነካኸው አንተንም ይይዝሃል፣ ቀብሩ ሁለት ይሆናል። መጀመሪያ ዋናውን አጥፋ፣ ካልቻልክ በደረቅ እንጨት ግፋው። ትክክለኛ ሕግ ነው፣ ስንቱን ሰው አትርፏል። ዛሬም ትክክል አይደለም አልልም። ያንገበገበኝ ሌላ ነው።

ወንድሜ የሞተ ቀን እዚያው ነበርኩ። ጠምጥሜ የጨረስኩትን ሞተር ይዘን ከጋሼና ከሠራተኞቹ ጋር የአንድ ትልቅ ሕንፃ ምድር ቤት ወረድን። ወንድሜ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሄዶ መስመሩን የሚያቋርጠውን ብሬከር አወረደ፣ ማንም እንዳያነሳው ሳጥኑ ላይ ጓጉንቸር ቆለፈበት፣ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። ይሄም የጋሼ ሕግ ነው፤ ቁልፉን የሚይዘው ሥራውን የማይነካው ሰው ነው። ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ወንድሜ ሞተሩን ተሸክሞ ቦታው ላይ አስቀመጠና ብሎን ማጥበቅ ጀመረ። ስለ እግር ኳስ እያወራ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሞተር ነው ያገባው እያለ ይቀልድበት ነበር፤ ከሞተር ሌላ የሚወደው ኳስ ብቻ ነው። ወሬውን ሳይጨርስ በጎኑ ወደቀ።

«አትንኩት!» አሉ ጋሼ።

ማንም አልነካውም። አንዱ ሠራተኛ ወደ ሳጥኑ ሮጠ፤ ሳጥኑ ያለው በሕንፃው ሌላኛው ጫፍ ነው። ተቆልፎ አገኘውና ተመልሶ እየሮጠ መጥቶ «ቁልፉ የታለ?» አለ። የጠፋውን ለማጥፋት ቁልፍ ይፈልጋል ማለት ነው። ጋሼ የመጥረጊያ እንጨት ይዘው ወንድሜን ከሞተሩ ሊያርቁት ይገፉታል። እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። መስመሩ ሙት እንደሆነ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ እግሬ ግን አልተንቀሳቀሰም። አትንኩት ከተባለ አልነካም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የተማርኩት ይህንኑ ነው። አምቡላንስ እስኪመጣ ድረስ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ እጁን ደረቱ ላይ አላሳረፈም።

የሞት ወረቀቱ ላይ «በኤሌክትሪክ አደጋ» ተብሎ ተጻፈ። የጻፈው ሰው የሞላው እኛ የነገርነውን ነው። በሦስተኛው ሳምንት የቀረ መሣሪያ ልሰበስብ ወደዚያ ምድር ቤት ወረድኩ። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ተንጠልጥሏል፣ የነካው የለም። ወንድሜ የቆለፈውን እኔ ከፈትኩት። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ብቻዬን እንደ እብድ ተሳደብኩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ፤ በሌለበት የተከሰሰው ኤሌክትሪክ ነው። እውነተኛው ገዳይ ግን እቤታችን ተቀምጦ ቀጣዩን እየመረጠ ሊሆን ይችላል።

ቀጣዩን ለመገመት ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። ትንሹ ወንድሜ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። መሰላል የሚወጣው እየዘለለ ስለሆነ ፌንጣ ይባላል። ባለፉት ሁለት ዓመታት ሁለት ጊዜ ራሱን ስቶ ወድቋል፤ አንዴ ደረጃ በሩጫ ወጥቶ ሲጨርስ፣ አንዴ ከባድ ሞተር አንስቶ ሲያስቀምጥ። ሁለቴም ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈና «ትንሽ ቆንጠጥ አደረገኝ» አለ። ኤሌክትሪክ ማለቱ ነው። ደረጃው ላይ ደግሞ ምንም ሽቦ የለም።

ሐኪም ቤት ብቻዬን ሄድኩ። የልብ ሐኪሟ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች፣ አነጋገሯ ግን ዙሪያ ጥምጥም የለውም።

«በቤተሰባችሁ ውስጥ ከሃምሳ ዓመት በታች ሆኖ በድንገት የሞተ ሰው አለ?» አለችኝ።

«አለ። ግን ሁሉንም ኤሌክትሪክ ነው የያዛቸው» አልኩ፣ አፌ እንደለመደው።

ብዕሯን አስቀመጠች። «ሁሉንም?»

ያኔ ከአያቴ መብረቅ ጀምሬ እስከ ጓጉንቸሩ ነገርኳት። ለቤተሰቤ አፍሬ ያልተናገርኩትን፣ ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ እንደነበር፣ ለእሷ ተናገርኩ። ሰምታ ስትጨርስ በደም የሚወረስ የልብ ጡንቻ ሕመም እንዳለ አስረዳችኝ። የልብ ግድግዳ ያለ ምክንያት ይወፍራል። ሰውየው ጤነኛ ይመስላል፣ ይሸከማል፣ ይሮጣል፣ ይቀልዳል።

«ልብ የሚመታው በራሱ ኤሌክትሪክ ነው» አለች። «ጡንቻው ሲበላሽ መስመሩም ይበላሻል። አንድ ቀን ምቱ ይዘበራረቅና ልብ መምታቱን ትቶ ዝም ብሎ ይንቀጠቀጣል። ደም አይገፋም። ሰው በሰከንዶች ውስጥ ይወድቃል።»

«ሾርት አደረገ ማለት ነው» አልኩ።

«እንበል። ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፣ ወንድ ሴት አይልም። ሁላችሁም መታየት አለባችሁ። የአባትዎንና የወንድምዎን የሞት ማስረጃም ቢያመጡልኝ ጥሩ ነው፤ መዝገቡ ላይ ትክክለኛው ነገር ቢሰፍር ለቀሩት ይጠቅማል።»

ለካ ቤተሰባችን ኤሌክትሪክ ነው ሲል ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ የከፈተው ሳጥን ነው የተሳሳተው።

ያንኑ ቀን እኔም ተመረመርኩ። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጠፉ፣ በልብ አልትራሳውንድ አዩኝ። በየጊዜው እየመጡ ይታዩ እንጂ አሁን ምንም የለብዎትም ተባልኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ፣ በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም። ልወጣ የበሩን እጀታ ከያዝኩ በኋላ ዞሬ ሳልጠይቅ የከረምኩትን ጠየቅኳት።

«ያን ቀን ብነካው ኖሮ? ደረቱን ብጫነው ኖሮ?»

ሐኪሟ ዓይኗን አልሸሸገችም። «በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም» አለች። «ግን ወዲያው ደረቱን ተጭነውት፣ ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሣው መሣሪያ ቶሎ ደርሶለት የሚተርፍ ሰው አለ። በየደቂቃው ግን ዕድሉ ይቀንሳል።»

ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ወር ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። መጀመሪያ ወረቀቱን ላሳርም መዝገብ ቤት ሄድኩ። አንደኛው መስኮት ወደ አራተኛው ላከኝ፣ አራተኛው ወደ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ወደ አንደኛው መስኮት መለሰችኝ። እዚያ ያለው ጸሐፊ በመጨረሻ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ማስተካከያ የሚጠየቀው በባለጉዳዩ ነው» አለ።

«ባለጉዳዩ ሞቷል፤ የያዙት እኮ የሞት ወረቀቱን ነው» አልኩት።

ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየው። «ታዲያ ውክልና ይስጥዎታ» አለ።

ሳቄ መጣና ከሳቁ በፊት እንባዬ ቀደመ። ከኋላዬ የተሰለፈ ሰውዬ ሶፍት አቀበለኝና ቦታዬን ወሰደ።

ጋሼን ለመንኩ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

«ወረቀቱ ላይ ምን ተጽፏል?» ይላሉ።

«ወረቀቱን ያጻፍነው እኮ እኛ ነን።»

«ውሸት ነው ያጻፍነው በይኛ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለካ አንዳንዴ ሁለቱ ተገናኝተው ነው። ፌንጣን ስለምነው ደግሞ «ጋሼ ሂድ ካሉኝ እሄዳለሁ፣ እትዬ» ይላል። ተመልሼ ጋሼን ስጠይቃቸው «እሱ ሕፃን ነው እንዴ? ከፈለገ ይሂድ፣ ማን ከለከለው» ይላሉ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች። በሁለቱ መካከል ስመላለስ የእኔ ልብ ሊቆም ነበር።

በመጨረሻ ዋሸሁ። «ሐኪም ቤቱ ውስጥ የተበላሸ ፓምፕ አለ፣ ዕቃህን ይዘህ ና» አልኩት። ካቻቪቴውን፣ ፒንሳውን፣ መፍቻውን ሁሉ በቦርሳ አድርጎ መጣ። ምርመራ ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ «ፓምፑ የታለ?» ሲለኝ ጣቴን ደረቱ ላይ ቀሰርኩ። ፊቱ ተለዋወጠ። ግን ነርሷ በሩን ከፍታ እየጠበቀችው ነበር፣ ሴት ፊት መጨቃጨቅ አሳፈረውና ገብቶ ተኛ። የመፍቻ ቦርሳውን እኔ ጉልበቴ ላይ ይዤ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ።

የልቡ ግድግዳ ወፍሯል። የልብ ምት የምትቀዳ ትንሽ መሣሪያ አስረውለት ሁለት ቀን ይዟት ዋለ አደረ። ስትነበብ ልቡ ሦስት ጊዜ ለጥቂት ሰከንድ ከመስመር ወጥቶ ጋልቧል። አንደኛው የሆነው ምሳ ሰዓት ላይ ተቀምጦ ሲቀልድ ነው፤ እሱ ምንም አልተሰማውም። ሐኪሟ ሁለታችንን አስቀምጣ ነገረችን። መድኃኒት ይጀምራል። መሮጥና ከባድ ዕቃ ማንሳት ይቅር። ደረቱ ላይ ከቆዳው ሥር የክብሪት ቀፎ የምታክል መሣሪያ ትገባለታለች፤ ልቡ ሲዘበራረቅ ራሷ አውቃ በኤሌክትሪክ መትታ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ቀጠሮው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ አብሮት የሚኖርና የሚሠራ ሰው ሁሉ ደረት መጫን ይማር ተባለ። ነርሷ እኔን እዚያው በአሻንጉሊት አስተማረችኝ።

«ከዚያ በኋላ ሥራዬስ?» አለ ፌንጣ።

«የቤት መስመር መዘርጋት ትችላለህ» አለች ሐኪሟ። «ከሚሠራ ትልቅ ሞተርና ከብየዳ ግን ትርቃለህ፣ መሣሪያዋን ሊያደናግራት ይችላል።»

ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ነገር ነው። በእኛ ሙያ ግን የሞተር ሰውና የአምፖል ሰው አንድ አግዳሚ ላይ አይቀመጡም። አምፖል ቀያሪ ማለት ስድብ ነው፣ እናት ከመስደብ ትንሽ ቢያንስ ነው። ፌንጣ ቀድሞኝ ወደ ውጭው በር ሄደ። እዚያ ሲደርስ «አምፖል ቀያሪ ሆኜ ከምኖር የሞተር ሰው ሆኜ ልሙት» አለ። በጥፊ ላጮለው እጄን አንስቼ ልቡን ፈርቼ ተውኩት።

በማግስቱ ወርክሾፕ ገብቶ ከሁሉም የከበደውን ሞተር ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ሄጄ ሞተሩ ላይ ተቀመጥኩበት።

«ተነሽ እንጂ እትዬ፣ ሰው እያየ ነው።»

«ከነ እኔ አንሳው።»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ጋሼ ከሩቅ ሆነው «ሴትዮዋ ለይቶላታል» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔ ሞተሩ ላይ ለግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ፣ ሌሎቹ መጥተው እስኪወስዱት። በየቀኑ ሞተር ላይ እየተቀመጥኩ መኖር እንደማልችል ግን አውቃለሁ። ልጁ የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ያ ሰው ደግሞ አይሰማኝም።

ከቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀር፣ ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ ጠብቄ የወርክሾፑን በር ከውስጥ ዘጋሁ። ጋሼ መጠምጠሚያ ጠረጴዛዬ አጠገብ ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን ይዘዋል። ፌንጣ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የሽቦ ጥቅል ተደግፏል።

«ጋሼ፣ ሐሙስ ሂድ ይበሉት» አልኩ።

«የት?»

«የት እንደሆነ ያውቃሉ።»

«ይቺ ልጅ ዛሬም ጀመራት» አሉ። «ስሚ። አባትሽን የገደለውን፣ ወንድምሽን የገደለውን ነገር አምጥተው ደረቱ ውስጥ ሊቀብሩበት ነው። አንቺ ደግሞ እጁን ይዘሽ ልትወስጂው። ጤና አለሽ?»

ፌንጣ ሳቀ። «እኔም እኮ እንደሱ ነው ያልኳት።»

«ወንድሜን ኤሌክትሪክ አልገደለውም» አልኩ።

«ወረቀቱ ላይ…»

«ወረቀቱን ይተዉት፣ ጋሼ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበር።»

ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። «ብሬከሩን ራሱ አወረደ፣ ቆለፈ፣ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሄጄ የከፈትኩት እኔ ነኝ። እርስዎ በእንጨት ሲገፉት መስመሩ ሙት ነበር። ያ ሠራተኛ ቁልፍ ፍለጋ ሲሮጥ መስመሩ ሙት ነበር። አውቅ ነበር። እያወቅኩ ቆሜ አየሁት።»

ፌንጣ ሳቁን ተወ። ጋሼ ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ በእኔ ቤት ጩኸቱንም መልሱንም አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከጎረቤት ጋራዥ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል።

«ወፍጮ ቤት የሄድን ቀን» አሉ በመጨረሻ። «አባታችሁ መሰላሉ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሦስቱንም ፊውዝ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኳቸው።» እጃቸው ሳያስቡት ወደ ደረት ኪሳቸው ሄዶ ተመለሰ። «ሲወድቅ አትንኩት ብዬ ጮህኩ። ሊይዙት የመጡት ሰዎች ወደ ኋላቸው ሸሹ። እኔ እንጨት ፍለጋ ወጣሁ። አግኝቼ ተመለስኩና ገፋሁት። ፊውዞቹ ኪሴ ውስጥ ናቸው።»

«ከዚያስ?» አለ ፌንጣ። አባቱን የሚያውቀው በፎቶ ነው።

«ከዚያማ ኤሌክትሪክ ያዘው አልኩ። ከሌላ ቦታ የሚመጣ መስመር ይኖራል ብዬ። ማታ ተመልሼ ግድግዳውን ሁሉ ፈተሽኩ፣ የለም። እስካሁን ስፈልገው አለሁ። ሃያ ስድስት ዓመቴ።»

ልጮህ ፈለግኩ። ሃያ ስድስት ዓመት አፋቸውን ባይዘጉ ኖሮ ታላቅ ወንድሜ ተመርምሮ ነበር፣ ዛሬ እዚህ ተቀምጦ ስለ ኳስ ያሰለቸን ነበር። ይህን ልናገር አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። እኔስ ቁልፌን ስምንት ወር ደብቄ የለም? ከእሳቸው የምለየው በዓመቱ ብዛት ብቻ ነው። ሽማግሌው ኤሌክትሪክን የሙጥኝ ያሉት ሞኝ ስለሆኑ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ካልሆነ ወንድማቸው ዓይናቸው እያየ፣ እጃቸው እየደረሰ ነው የሞተው።

«ሐኪሟን አንድ ነገር ጠይቂልኝ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ብነካው ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ በያት።»

አይተርፍም ነበር ማለት ቀላል ነው። በዚህ ዕድሜያቸው እፎይ ይሉ ነበር፣ እኔም አብሬ እፎይ እል ነበር። ግን አይተርፍም ካልኳቸው፣ ነገ ፌንጣ ሲወድቅ ለምን ብለው ይነኩታል?

«ጠይቄያታለሁ» አልኩ። «ለራሴ ብዬ። በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም አለች። ግን ወዲያው ከተነካ የሚተርፍ አለ አለች።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንባቸው ወረደ፣ አልጠረጉትም። ፌንጣ ተነሥቶ አጠገባቸው መጥቶ ቆመ፤ ምን እንደሚያደርግ ግራ ስለገባው የሻዩን ብርጭቆ አንስቶ ሰጣቸው። ተቀበሉት እንጂ አልጠጡትም።

«ሐሙስ ትሄዳለህ» አሉት።

«ሞተሩስ ጋሼ?»

«አምፖል ትቀይራለህ። አምፖል ቀያሪ የሚልህን ወደ እኔ ላከው።»

«እሺ፣ ግን እርስዎም ይመረመራሉ» አለ ፌንጣ። «ጋሼ ቴስተር ሳይፈተሽ ይቅር?»

ይህን ስም ፊት ለፊታቸው የተናገረ ሰው የለም። እኔ ደነገጥኩ፤ እሳቸው ግን የሰሙም አልመሰሉም። ሌላ ነገር እያሰቡ ነበር።

«ከሐሙስ በፊት ቢወድቅስ?» አሉኝ።

«ላሳይዎት።»

ፌንጣ ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ተኛና «ሳልሞት እንዳታለቅሱብኝ» አለ። ጋሼ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ተንበረከኩ። ቦታውን አሳየኋቸው፣ የደረቱ መሃል፣ አንዱ መዳፍ በሌላው ላይ። «አሁን እንዳይጫኑት፣ ልቡ እየሠራ ነው። ቦታውን ብቻ ይወቁት። ከወደቀ ግን ክንድዎን ቀጥ አድርገው በሙሉ ክብደትዎ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ሰው እስኪደርስ ሳያቋርጡ።»

እጃቸው ወረደና ሸሚዙ ጋ ሊደርስ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ። መልሰው አነሱት። ደግመው ሞከሩ፣ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። ግንባራቸው በላብ ረጥቧል።

«አልቻልኩም» አሉ። «እጄ እምቢ አለኝ።»

ቁጣዬ ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። ስለ አባቴ፣ ስለ ወንድሜ፣ ስለዚያ መስኮት ጸሐፊ፣ ስለ ገዛ እግሬ። የእጃቸውን አንጓ ይዤ ወደ ታች ገፋሁት።

«ንካው» አልኳቸው። በሕይወቴ አንተ ብያቸው አላውቅም። «ንካው እንጂ። ምንም አይዝህም።»

መዳፋቸው ደረቱ ላይ አረፈ። ፌንጣ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር፣ ዓይኑን ብቻ ጨፈነ። ጋሼ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። እኔ እጄን ከእጃቸው ላይ አላነሳሁም።

«ይመታል» አሉ።

«አዎ፣ ይመታል።»

የምሳ ሰዓት አልቆ ሠራተኞቹ በሩን መደብደብ ጀመሩ። ጋሼ እጃቸውን አላነሱም፣ እኔም በሩን ልከፍት አልተነሳሁም።